የሚጠፋና የሚመለስ ብልሽት፦ የዝናብ መጥረጊያ የሚያስተምረን የኤሌክትሪክ ትምህርት

በሐምሌ ወር አጋማሽ ከአንድ የመስክ ጥናት ስንመለስ፣ መምህራንና ተማሪዎች ሠላሳ ስምንት ሆነን የተሳፈርንበት አውቶቡስ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚወስደውን ዳገት ተያያዘው። ያንን መንገድ የሚያውቅ ሰው እንደሚመሰክረው፣ በክረምት ጉሙና ዝናቡ ተባብረው ከመኪናው ፊት ያለውን ሁሉ ይሰውሩታል። ዳገቱን አጋምሰን ሳለ የዝናብ መጥረጊያዎቹ መጀመሪያ ዘገሙ፤ ቀጥሎም በመስታወቱ መካከል ቀጥ ብለው ቆሙ። በአንድ ወገን ገደል፣ በሌላው ወገን ከላይ የሚወርድ የጭነት መኪና ነበር። ሹፌሩ በዝግታ ወደ ዳር አወጣን፤ ረዳቱም ወርዶ ከጎማዎቹ ኋላ ድንጋይ አስደገፈ።

«ይህ አመሉ ነው፣ ልጆቼ» አሉን ሹፌሩ። «ጋራዥ ስወስደው ይሠራል፤ ተራራ ስወጣ ይቆማል። ሞተሩ እንኳ ከተለወጠ ወር አልሞላውም።» ሃያ ደቂቃ ያህል ከቆምን በኋላ፣ ማንም ሳይነካቸው መጥረጊያዎቹ እንደገና መሥራት ጀመሩ። አዲስ አበባ በሰላም ገባን፤ ጥያቄው ግን አብሮን ገባ። ማንም ያላበጀው ዕቃ እንዴት ራሱን ያበጃል? ባለሙያ ፊት ሲቀርብ ጤነኛ፣ መንገድ ላይ ሲውል በሽተኛ የሚሆንስ ለምንድን ነው?

በዚህ ጽሑፍ የዝናብ መጥረጊያን አሠራር፣ አልፎ አልፎ የሚከሰት ብልሽት የሚፈጠርበትን ምክንያትና ይህን መሰል ብልሽት በሥርዓት ተከታትሎ የማግኘትን ዘዴ ለማየት እንሞክራለን። የሚያስፈልገን ዕውቀት በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ ትምህርት ከተማርነው የኦም ሕግ ብዙም የራቀ አይደለም።

1. የዝናብ መጥረጊያ እንዴት ይሠራል?

ሜሪ አንደርሰን የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1903 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበችው የመስታወት መጥረጊያ ከውስጥ በእጅ በሚሳብ ዘንግ የሚንቀሳቀስ ነበር። ዛሬ ያንን ሥራ የሚያከናውነው አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በአብዛኞቹ ተሽከርካሪዎች ላይ ያለው ሞተር ቋሚ ማግኔትና በመካከሉ የሚሽከረከር የሽቦ ጥቅል ሲኖረው፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ጥቅሉ የሚደርሰው በካርቦን ብሩሾች አማካይነት ነው። የሞተሩ ፈጣን ዙር በጥርሶች ተቀንሶ ወደ ዝግተኛና ብርቱ ዙር ይለወጣል፤ ይህም ዙር በተያያዙ ዘንጎች አማካይነት ወደ መመላለስ ይቀየራል።

ሁለት ፍጥነት ያለው ሞተር ብዙውን ጊዜ ሦስት ብሩሾች አሉት። አንዱ የጋራ ነው፤ ሁለተኛው ለዝግታ፣ ሦስተኛው ደግሞ ለፍጥነት ያገለግላል። ስለዚህ መጥረጊያው በአንዱ ፍጥነት እየሠራ በሌላው የማይሠራ ከሆነ፣ የጋራ የሆነው የዑደቱ ክፍል ደህና መሆኑን ገና መሣሪያ ሳናነሣ እናውቃለን።

ከሞተሩ ጥርሶች ጋር የተያያዘ ሌላ ትንሽ ነገር ግን ትልቅ ጥቅም ያለው ክፍል አለ። ይኸውም የማቆሚያ ማብሪያ ነው። ሹፌሩ መጥረጊያውን ሲያጠፋ ክንዶቹ ባሉበት አይቆሙም፤ እስከ መስታወቱ ግርጌ ሄደው ይተኛሉ። ይህ የሚሆነው የማቆሚያ ማብሪያው፣ ክንዶቹ ግርጌ እስኪደርሱ ድረስ፣ ሞተሩን በሌላ መንገድ መመገቡን ስለሚቀጥል ነው።

በየተወሰነ ሴኮንድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠርገው ዘዴ ደግሞ ከሮበርት ከርንስ ስም ጋር ይያያዛል። ይህ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1964 የባለቤትነት መብት ማመልከቻ ያቀረበበት ፈጠራ፣ የጊዜ ልዩነቱን በካፓሲተር፣ በሬዚስተርና በትራንዚስተር የሚወስን ነበር። በካፓሲተርና በሬዚስተር የሚገኘው ጊዜ የሁለቱ ብዜት እንደሆነ እናስታውሳለን፤ ለምሳሌ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተርና 50 ኪሎኦም ሬዚስተር የ5 ሴኮንድ የጊዜ ቋሚ ይሰጣሉ። በብዙ ተሽከርካሪዎች የጊዜ መቆጣጠሪያው ለሞተሩ አጭር ግፊት ብቻ ይሰጠዋል፤ ጉዞውን የሚያስፈጽመው ያው የማቆሚያ ማብሪያ ነው። ይህን ወደ ኋላ እንፈልገዋለን።

2. ቮልቴጁ እያለ ኃይሉ ለምን ይጠፋል?

አንድን የዋይፐር ሞተር በምሳሌ እንውሰድ። የተሽከርካሪው ሞተር እየሠራ ሳለ የሚያገኘው ቮልቴጅ 27 ቮልት፣ የሽቦ ጥቅሉ ሬዚስታንስ ደግሞ 1.5 ኦም ይሁን። እርጥብ መስታወት ላይ በነፃነት ሲዞር 4.5 አምፔር ይወስዳል እንበል። 4.5 በ1.5 ሲባዛ 6.75 ቮልት ነው። ታዲያ የቀረው 20.25 ቮልት የት ሄደ? የሚዞር ሞተር ራሱ እንደ ጄኔሬተር ስለሚሆን፣ ከመጣው ቮልቴጅ ጋር የሚጻረር ቮልቴጅ ያመነጫል። 20.25 ቮልቱ ያ ነው።

ሞተሩ ተይዞ ቢቆም ይህ ተጻራሪ ቮልቴጅ ዜሮ ይሆናል። የኤሌክትሪኩ ፍሰት ወደ 27 ÷ 1.5 = 18 አምፔር ያሻቅባል። በጥቅሉ ውስጥ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ኃይልም ከ30 ዋት ገደማ ወደ 486 ዋት ይደርሳል። ብዙ የዋይፐር ሞተሮች ሲግሉ ዑደቱን የሚከፍትና ሲቀዘቅዙ መልሶ የሚዘጋ ጠባቂ በውስጣቸው የሚደረግላቸው ለዚህ ነው።

አሁን በመንገዱ ላይ አንድ የተበላሸ መገናኛ እንጨምር። ዝገት ወይም ቀለም የገባበት ብሎን 1 ኦም ሬዚስታንስ ቢኖረው፣ የተያዘ ሞተር የሚያገኘው 27 ÷ 2.5 = 10.8 አምፔር ብቻ ነው። የቋሚ ማግኔት ሞተር የማዞር ኃይሉ ከሚያልፍበት ፍሰት ጋር በቀጥታ የሚመጣጠን በመሆኑ፣ ሞተሩ ከጉልበቱ 60 በመቶ ብቻ ይቀረዋል። ይህ ጉልበት በእርጥብ መስታወት ላይ ይበቃ ይሆናል። ዝናቡ ቀነስ ብሎ መስታወቱ ከፊሉ ሲደርቅ ወይም ጭቃ ሲያርፍበት ግን ሰበቃው ስለሚጨምር መጥረጊያው ይቆማል። «አልፎ አልፎ» የምንለው ነገር አንዱ ምሥጢር እዚህ ላይ ነው፤ ጉድለቱ ሁልጊዜ አለ፤ የሚለዋወጠው ከሞተሩ የሚጠየቀው ጉልበት ነው።

ሁለተኛው ምሥጢር ከመገናኛው ባሕርይ የሚመጣ ነው። ሁለት ብረቶች ተጣብቀው ሲታዩ ሙሉ ገጻቸው የሚነካካ ይመስለናል። እንደ እውነቱ ከሆነ የሚነካኩት በጥቃቅን ጉብታዎቻቸው ጫፍ ብቻ ነው። ኤሌክትሪኩም የሚያልፈው በነዚህ ጥቂት ነጥቦች ነው። ንዝረት ነጥቦቹን ያላቅቃል፤ ሙቀት ብረቱን ያሰፋል፤ እርጥበት በመካከላቸው የዝገት ሽፋን ያበቅላል። ስለዚህ በጠዋት ደህና የነበረ መገናኛ ከሰዓት በኋላ ሊከፋ፣ መኪናው ቆሞ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መልሶ ሊሻለው ይችላል።

3. መለኪያው ለምን ያታልለናል?

ጀማሪዎች በብዛት የሚፈጽሙት ስሕተት የሞተሩን ሶኬት ነቅለው በሽቦው ጫፍ ላይ ቮልቴጅ መለካት ነው። መለኪያው 27 ቮልት ያሳያል፤ «መስመሩ ደህና ነው፤ የሞተው ሞተሩ ነው» ተብሎም ይደመደማል። ይህ ድምዳሜ ስሕተት ነው። ዘመናዊ ዲጂታል መልቲሜትር የራሱ ሬዚስታንስ ብዙውን ጊዜ 10 ሜጋኦም ያህል ስለሆነ፣ የሚያሳልፈው ፍሰት ከማይክሮአምፔር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ይህን ያህል ጥቂት ፍሰት በ1 ኦም ቀርቶ በ1000 ኦም ላይ ቢያልፍ እንኳ የሚጠፋው ቮልቴጅ ከሚሊቮልት ጥቂት አይበልጥም። ፍሰት በሌለበት ቦታ የቮልቴጅ ብክነት የለም፤ ብክነት ከሌለ ደግሞ ጉድለቱ አይታይም።

የተዘጋ ቧንቧን ብናስብ ነገሩ ግልጽ ይሆንልናል። በአሸዋ ተደፍኖ ጥቂት ቀዳዳ ብቻ የቀረው ቧንቧ፣ ጫፉ እንደተዘጋ ግፊቱን ብንለካ ከጋኑ ጋር እኩል ነው፤ ቧንቧውን ስንከፍተው ግን የሚወጣው ጠብታ ነው። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፦ ዑደቱ ሥራ ላይ እያለ፣ ሶኬቱ ሳይነቀልና ጉድለቱ በሚታይበት ቅጽበት እንለካ።

4. ምልክቶቹን ማንበብ

ከመለካታችን በፊት ብልሽቱ ራሱ የሚነግረንን እናዳምጥ። የሚከተሉት ምልክቶች ፍለጋውን በእጅጉ ያጠባሉ።

ሀ) የሞተሩ ድምፅ እየተሰማ ክንዶቹ ካልተንቀሳቀሱ ችግሩ የኤሌክትሪክ አይደለም። የላላ የክንድ ብሎን ወይም ከቦታው የወጣ ዘንግ እንፈልግ።

ለ) ከጥቂት ደቂቃ ሥራ በኋላ ቆሞ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሣ ከሆነ፣ የሙቀት ጠባቂው እየከፈተ ሊሆን ይችላል። ጠባቂው ሥራውን እየሠራ ነውና እርሱን ከማስወገድ ይልቅ ሞተሩን ያደከመውን ነገር፣ ለምሳሌ የደረቀ ወይም የዛገ የዘንግ መገጣጠሚያ፣ እንመርምር።

ሐ) በማያቋርጠው ፍጥነት እየሠራ፣ በየተወሰነ ሴኮንድ በሚጠርገው ሲሆን በመስታወቱ መካከል የሚቆም ከሆነ፣ የማቆሚያ ማብሪያው ነጥቦች ቆሽሸው ወይም ተበልተው ይሆናል። ግፊቱን ያስጀመረው አለ፤ ጉዞውን የሚያስፈጽመው ግን የለም።

መ) መሪውን ሲያዞሩ ወይም የማብሪያውን ዘንግ ሲነኩት የሚመለስ ከሆነ፣ ጥርጣሬያችን በማብሪያውና በሽቦዎቹ ላይ ይውደቅ።

ሠ) ሌላ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲበራ የሚዘገም ከሆነ፣ ሁለቱ ዕቃዎች የሚጋሩት ደካማ መንገድ አለ ማለት ነው።

የአውቶቡሳችንን ሹፌር ስንጠይቃቸው «ደግሞ እኮ የመስታወቱ ማድረቂያ ነፋስም አብሮ ይደክማል» አሉን። ቀደም ሲል ማንም አልጠየቃቸውም ነበር። የፊት መብራቱ ይደበዝዝ እንደሆነ ስንጠይቅ ግን «በፍጹም» ብለው መለሱ። በነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ባትሪውና ጄኔሬተሩ ከጥርጣሬ ነፃ ወጡ፤ ምልክቱም ከተራ ቁጥር «ሠ» ጋር ተስማማ።

5. በተግባር ያገኘነው

ሹፌሩ ሥራ ባልነበራቸው አንድ ቅዳሜ መኪናውን ይዘውልን መጡ። አውቶቡሱ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አካሉ እዚሁ አገር የተሠራለት፣ በተለምዶ «ቅጥቅጥ» የሚባለው ዓይነት ነው። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 24 ቮልት ይሰጡታል፤ ሞተሩ ሲነሣ ወደ 27 ቮልት ከፍ ይላል።

የመጀመሪያው ሥራችን ብልሽቱን መጥራት ነበር። የማይታይ ብልሽት አይለካምና። መስታወቱን በጎማ ቱቦ እያጠጣን፣ መጥረጊያውንና ማድረቂያ ነፋሱን አብርተን፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለውን ብረት በእጃችን መታ መታ አደረግነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ መጥረጊያዎቹ መዘግየት ጀመሩ።

መገናኛዎቹን አንድ በአንድ ከመፈተሽ ይልቅ ዑደቱን በክፍል በክፍል ከፈልነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ሞተሩ ያለው አንድ ክፍል፣ ሞተሩ ራሱ ሁለተኛ፣ ከሞተሩ እስከ ባትሪው ነጌቲቭ ያለው የመመለሻ መንገድ ሦስተኛ ክፍል ሆነ። የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች በየክፍሉ መነሻና መድረሻ ላይ ስናሳርፍ ያገኘነው የሚከተለው ነው፦

ከባትሪ እስከ ሞተር፦ 0.4 ቮልት
በሞተሩ ላይ፦ 24.5 ቮልት
ከሞተር እስከ ባትሪ፣ በመመለሻው፦ 2.5 ቮልት
በባትሪው ላይ፦ 27.4 ቮልት

የሦስቱ ድምር ከባትሪው ጋር እኩል ነው፤ የኪርኾፍ ሕግ ልኬታችንን አረጋገጠልን። ጤነኛ የመመለሻ መንገድ በዚህ ሁኔታ ከ0.1 እስከ 0.2 ቮልት ቢያባክን ነው። እዚህ ግን 2.5 ቮልት ይባክናል። ነፋሱን ስናጠፋ ብክነቱ ወደ 0.9 ቮልት ወረደ። ሽቦውን ሳይቆርጡ በሚለካ የአምፔር መለኪያ ስናየው መጥረጊያው 4.5 አምፔር፣ ነፋሱ 8 አምፔር ይወስዳሉ። 0.9 ÷ 4.5 = 0.2 ኦም ነው፤ 2.5 ÷ 12.5 ም 0.2 ኦም ነው። ሁለቱ ስሌቶች ወደ አንድ ቦታ ጠቆሙን፤ የመጥረጊያውና የነፋሱ ፍሰት በአንድ የጋራ መገናኛ ላይ ያልፋል ማለት ነው።

ሽቦውን ተከትለን ከዳሽቦርዱ ኋላ አንድ ብሎን አገኘን። የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች «ማሳ» የሚሉት፣ የነጌቲቭ መመለሻ የሚታሰርበት ብሎን ነበር። በእጅ ሲነካ ይሞቃል፤ አያስደንቅም፤ 2.5 ቮልት በ12.5 አምፔር ሲባዛ ከ31 ዋት በላይ በዚያች ትንሽ ብሎን ላይ ይቃጠል ነበር። በአጠገቡ ያለውን ብረት አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገን ስንመታው መጥረጊያውም ነፋሱም ቀጥ አሉ፤ በብሎኑ ሁለት ወገን ያለው ቮልቴጅም ወደ 27 ተጠጋ። ዑደቱ ሲበጠስ ቮልቴጁ በሙሉ የሚገኘው በተበጠሰው ቦታ ላይ መሆኑን በዓይናችን አየን።

ብሎኑን ፈትተን ስንመለከት የአካሉ ብረት ቀለም ከተቀባ በኋላ የታሰረ ነበር። ከመስታወቱ ጎማ ሥር የሚንጠባጠብ ውኃም አዝጎታል። ቀለሙንና ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ጠርገን፣ አዲስ ብሎንና ሮንዴላ አስረን፣ እርጥበት እንዳይገባ ግራሶ ቀባነው፤ የጎማውንም ቀዳዳ ደፈንን። ብክነቱ ወደ 0.06 ቮልት ወረደ። ከዚያ ወዲያ ክረምቱ እስኪወጣ ድረስ ሹፌሩ ቅሬታ አላሰሙም።

6. አዲሱ ሞተር ለምን «ፈወሰው»?

አንድ ጥያቄ ይቀራል። ሞተሩ በተለወጠ ጊዜ መጥረጊያው ለሦስት ሳምንት ያህል በደህና ሠርቶ ነበር። ሞተሩ ደህና ከነበረ ይህ እንዴት ሆነ? መልሱን ሹፌሩ ከሰጡን ማብራሪያ አገኘነው። ሞተሩ ሲለወጥ የመመለሻ ሽቦውም ተፈትቶ እንደገና ታስሯል። ብሎኑ ሲዞር ቀለሙንና ዝገቱን ጫር አድርጎ ለጊዜው አዲስ የመነካኪያ ነጥቦች ፈጠረ። መድኃኒቱ የብሎኑ መዞር ሲሆን፣ ምስጋናውን የወሰደውና ገንዘቡን ያስወጣው ሞተሩ ነበር።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ከመኪና አልፎ ለቤተ ሙከራም ይጠቅማል። ሁለት ነገሮችን በአንድ ጊዜ የለወጠ ሰው፣ ውጤቱን ያመጣው የትኛው እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ፤ ከለወጥን በኋላም እንለካ። ከተቻለም ደግሞ ጉድለቱን ያስከተሉትን ሁኔታዎች መልሰን አምጥተን እንፈትነው።

ይህ ዓይነቱ ጉድለት የእኛ አገር አውቶቡሶች ብቻ አይደለም። በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ መኝታና ማዕድ ቤት ያላቸው፣ «ሞተርሆም» የሚባሉ ተሽከርካሪዎች አሉ። እነርሱም ብዙውን ጊዜ ሻንሲያቸው በአንድ ፋብሪካ፣ አካላቸው በሌላ ይሠራል። አካሉ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ፋይበርግላስ ሲሆን የመመለሻው ፍሰት በሽቦ ብቻ ወደ ሻንሲው መድረስ ይኖርበታል። መስታወቱ ሰፊ፣ ሽቦው ረጅም፣ መኪናው ደግሞ ለወራት ቆሞ የሚከርም በመሆኑ ዝገት በመገናኛዎቹ ላይ ጊዜ ያገኛል።

7. ጥንቃቄ

የዋይፐር ዘንጎች ጣት ይሰብራሉ፤ የቆመ መጥረጊያ ሳይታሰብ ሊነሣ ስለሚችል ዘንጎቹን ከመንካታችን በፊት ቁልፉን እናውጣ። ፊውዝ ቢቃጠል በከፍተኛ አምፔር ፊውዝ ወይም በሽቦ ቁራጭ አንተካው፤ ፊውዙ ያልጠበቀውን ሽቦ እሳት ይጠብቀዋል። ከሁሉም በላይ፣ በዝናብ ውስጥ መጥረጊያው ከቆመ ጉዞ አይቀጥልም። የሃያ ደቂቃ መዘግየት ማንንም አልገደለም።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የአንድ ባለ 12 ቮልት መኪና የዋይፐር ሞተር 0.6 ኦም ሬዚስታንስ አለው። ቮልቴጁ 13.2 ሲሆን ተይዞ ቢቆም ስንት አምፔር ይወስዳል? በመንገዱ ላይ 0.6 ኦም ያለው የዛገ መገናኛ ቢጨመርስ?

2. በ27.4 ቮልት ዑደት ውስጥ 10 ኪሎኦም የሚሆን የተበላሸ መገናኛ አለ። ሞተሩ ተነቅሎ በ10 ሜጋኦም መልቲሜትር ቢለካ ስንት ቮልት ይታያል?

3. መጥረጊያው በሁለቱም ፍጥነቶች ይሠራል፤ ሲጠፋ ግን ባለበት ይቆማል። የትኛውን ክፍል ትጠረጥራላችሁ?

መልስ፦ 1) 22 አምፔር፤ 11 አምፔር፤ የማዞር ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። 2) 27.37 ቮልት ገደማ፤ ጉድለቱ ፈጽሞ አይታይም። 3) የማቆሚያ ማብሪያውን ወይም ወደ እርሱ የሚሄደውን ሽቦ።

ውድ አንባብያን፣ የኦምን ሕግ በፈተና ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ ጽፈነዋል። በጣርማ በር ዳገት ላይ ግን ሠላሳ ስምንት ሰው ያስቆመው 0.2 ኦም የማይሞላ መስሎ የጀመረ የአንዲት ብሎን ሬዚስታንስ ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ በቤታችሁም ሆነ በመንገድ ላይ የሚጠፋና የሚመለስ ብልሽት ሲገጥማችሁ፣ ዕቃውን ከመለወጣችሁ በፊት መቼ እንደሚጠፋ ጠይቁ፤ በሚጠፋበት ጊዜም ለኩ።